አድራሻ የሌለው ድንጋይ፦ ከኒጀር በረሃ ወደ ኒው ዮርክ ጨረታ

ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ውስጥ ሶዝቢስ በሚባለው ስመ ጥር አጫራች ድርጅት አንድ ድንጋይ ለጨረታ ቀረበ። ሩብ ኩንታል ሊሞላ ጥቂት የጎደለው፣ 24.67 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ የቀላ ቡናማ ድንጋይ ነው። መንገድ ዳር ቢወድቅ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። አጫራቾቹ ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል ብለው ገምተው ነበር። መዶሻው 4.3 ሚሊዮን ላይ አረፈ፤ ኮሚሽኑና ሌላው ወጪ ሲታከል ገዢው የከፈለው 5.3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሆነ። ስሙን አልገለጸም። ሒሳቡን ለሚወድ፣ በግራም 215 ዶላር አካባቢ ይመጣል፤ በዚያ ሰሞን ከነበረው የወርቅ ዋጋ እጥፍ ገደማ ነው።

ያስወደደው ከማርስ መምጣቱ ነው። እስካሁን ምድር ላይ ከተገኙ የማርስ ድንጋዮች በትልቅነቱ አቻ የለውም። ከእሱ ቀጥሎ ያለው፣ ማሊ ውስጥ የተገኘው ታውዴኒ 002፣ 14.5 ኪሎ ግራም ነው። በሳይንስ መዝገብ ከሰፈሩት ከ77,000 የሚበልጡ የሰማይ ድንጋዮች ውስጥ የማርስ የሆኑት 400 ገደማ ብቻ ናቸው።

ድንጋዩ የተገኘው ግን ማንሃተን ውስጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 ኒጀር ውስጥ፣ አጋዴዝ በሚባለው የሰሃራ ክልል፣ የሰማይ ድንጋይ ፈልጎ የሚሸጥ ሰው አገኘው። ከዚያ ወደ ነጋዴ እጅ፣ ከነጋዴው ወደ ጣሊያን፣ ከጣሊያን ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ጨረታው በዓለም ዜና ሲናኝ የኒጀር መንግሥት ይህ ነገር እንዴት ከአገሬ ወጣ ብሎ ምርመራ ከፈተ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም።

ክርክሩን በአብዛኛው የሰማነው በገንዘብና በሕግ ቋንቋ ነው፤ ማን ሸጠ፣ ማን ፈቀደ፣ የማን ንብረት ነው እየተባለ። ለእኔ ከዚህ የሚብሰው ሌላ ነው። የድንጋዩ ሆድ ዕቃ በሚገርም ጥራት ተነቧል፤ ማዕድኑ በመቶኛ ተቆጥሯል። አድራሻው ግን ጠፍቷል። ይህን ለማየት ከስሙ መጀመር ይበቃል።

የሰማይ ድንጋይ በወደቀበት ወይም በተገኘበት ቦታ ስም ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ1865 ህንድ፣ ቢሃር ውስጥ ሸርጎቲ አጠገብ የወደቀው ሸርጎቲ ይባላል። በ2011 ሞሮኮ ውስጥ ቲሲንት በምትባል መንደር አካባቢ የወደቀው ቲሲንት ይባላል። የኒጀሩ ድንጋይ ስም ግን «ኖርዝዌስት አፍሪካ 16788» ነው። ሰሜን ምዕራብ አፍሪካ፣ ቁጥር 16788። ይህ ስያሜ የተፈጠረው በሰሃራ ዙሪያ ባሉ አገሮች እየተለቀሙ ትክክለኛ ቦታቸው ሳይመዘገብ ገበያ ላይ ለሚገኙ ድንጋዮች ነው። ከሞሮኮ እስከ ኒጀር ያለውን ምድር ሁሉ አንድ ሰፈር አድርጎ የሚጠራ አድራሻ ነው። ደብዳቤ ላይ «ለአቶ እገሌ፣ ምሥራቅ አፍሪካ» ብሎ እንደ መጻፍ ቁጠሩት።

ወደ ሆዱ እንግባ። ብዙ ሰው የሰማይ ድንጋይ ሲባል በዚህ ምድር የማይታወቅ ባዕድ ንጥረ ነገር የሚጠብቅ ይመስለኛል። የማርሱ ድንጋይ ግን ለኢትዮጵያዊ ከማንም ይልቅ ዘመዱ ነው። የአዲስ አበባን የኮብልስቶን መንገድ የሠራነው ከባዛልት ነው፤ ደጋችንን ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ያለበሰው የቀለጠ አለት ሲቀዘቅዝ የቀረው ጥቁር ድንጋይ። ከማርስ የሚመጡት ድንጋዮች አብዛኞቹ በዚሁ የዘር ሐረግ ውስጥ ናቸው። ሸርጎታይት የሚባሉት (ስማቸው ከሸርጎቲ ነው) በማርስ እሳተ ገሞራ ዘመን ከቀለጠ አለት የተወለዱ ናቸው። በውስጣቸው በዋናነት ሁለት ማዕድናት አሉ። አንዱ ፓይሮክሲን ነው፤ ባዛልታችንን ያጠቆረው እሱ ነው። ሌላው ኦሊቪን ነው፤ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ ብረትና ማግኒዥየም ያለበት፣ ጥርት ያለው ሲገኝ ለጌጥ የሚቆረጥ። የኒጀሩ ድንጋይ በሳይንሱ ምደባ ኦሊቪን ያለበት ጋብሮ መሰል ሸርጎታይት ነው። ጋብሮ ማለት ከባዛልት ጋር ሥሪቱ አንድ ሆኖ ከመሬት በታች ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ አለት ነው። ሲዘገይ የማዕድኑ ቅንጣት ያድጋል፤ ቶሎ ከቀዘቀዘ ይደቅቃል። ስለዚህ የቅንጣቱን መጠን በማየት ብቻ ይህ አለት ማርስ ላይ ፈስሶ ወዲያው እንዳልደረቀ፣ ውስጥ ቆይቶ እንደረጋ ማወቅ ይቻላል።

ሦስተኛው ማዕድን ነው የድንጋዩን ታሪክ የሚቀይረው። በምድር ባዛልት ውስጥ ፕላጂዮክሌዝ የሚባል ነጣ ያለ ማዕድን አለ። በኒጀሩ ድንጋይ ውስጥ በእሱ ቦታ የተገኘው ማስኬሊናይት ነው፤ ከድንጋዩ 21.2 በመቶውን ይይዛል። ማስኬሊናይት የመስታወት ጠባይ ያለው ነገር ነው። የአቶሞቹ ረድፍ ፈርሷል፣ የቅንጣቱ ቅርጽ ግን እንደ ድሮው አለ። ቤቱ ቆሞ ውስጡ ያለው ዕቃ ሁሉ እንደ ተዘበራረቀ ማለት ነው። ይህን የሚያደርገው ከምድር የአየር ግፊት በመቶ ሺዎች እጥፍ የሚበልጥ ድንገተኛ ምት ነው። ሌላ የሰማይ አካል መጥቶ ማርስን ሲመታት፣ የምቱ ኃይል ይህን አለት ከመሬቷ ፈንቅሎ ከስበቷ ውጭ ወረወረው። ማስኬሊናይት የዚያ ምት ጠባሳ ነው። መጀመሪያ የታወቀውም እዚያው ሸርጎቲ ድንጋይ ውስጥ ነው፤ ያኔ ከማርስ መሆኑን ያሰበ ግን አልነበረም።

ታዲያ ማርስ መሆኑ በምን ታወቀ? እስከ ዛሬ ከማርስ ድንጋይ ይዞ የተመለሰ መንኮራኩር የለም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ደስ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1976 ቫይኪንግ የሚባሉት የአሜሪካ መንኮራኩሮች ማርስ ላይ አርፈው የአየሩን ሥሪት ለኩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንታርክቲካ በረዶ ላይ በተገኘ ሸርጎታይት ውስጥ፣ በምቱ ጊዜ በተፈጠረ መስታወት ታምቆ የቀረ ጋዝ ተገኘ። ተመራማሪዎች በ1983 ሲለኩት ከቫይኪንግ ልኬት ጋር ገጠመ። ድንጋዩ የአገሩን አየር በኪሱ ይዞ መጥቶ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ለሌሎቹ መለያ የሚሆኑ ምልክቶች ተገኝተዋል። በኦሊቪንና በፓይሮክሲን ውስጥ የብረትና የማንጋኒዝ ምጣኔ ለምድር፣ ለጨረቃና ለማርስ የተለያየ ነው፤ የኦክሲጅን አይሶቶፖችም (በክብደት የሚለያዩ የኦክሲጅን አቶሞች) ምጣኔ ማርስን ከምድርና ከጨረቃ ይለያል። ከድንጋዩ ተቆርሶ ከፀጉር የሳሳ ቅጠል እስኪሆን የተፈገፈገ ናሙና በኤሌክትሮን ጨረር ሲመረመር፣ ቤተሰቡ ይታወቃል።

እዚህ ላይ ሚዛን ለመጠበቅ ያህል፣ ከሰማይ የሚወርደው ድንጋይ አብዛኛው እንዲህ ያለ ባለ ጸጋ አለመሆኑን ላንሳ። ሲወድቁ ከታዩት ውስጥ ከአሥሩ ከስምንት የሚበልጡት ኮንድራይት የሚባሉት፣ በአብዛኛው ድቡልቡል ጠብታዎች ያሉባቸው ድንጋዮች ናቸው። የእኛው አገር ጉርሱምም ከነሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በሐረርጌ ወደቀ፤ ከ34 ኪሎ ግራም በላይ ተሰበሰበ፤ በዓለም መዝገብ በስሙ ሰፍሯል። ምድቡ ኤች 4/5 ነው። ኤች ማለት ብረት የበዛበት ማለት ነው። ከክብደቱ ሩብ ያህሉ ብረት ነው፤ ከፊሉ ከኒኬል ጋር ተዋሕዶ እንደ ቅንጣት ተበትኗል፣ ከፊሉ በኦሊቪንና በፓይሮክሲን ውስጥ ነው፣ የተረፈው ከድኝ ጋር ሆኖ ትሮይላይት የሚባል ማዕድን ሠርቷል። ቁጥሩ ደግሞ ምን ያህል ሙቀት እንደ በላው ይነግራል። በአራተኛው ደረጃ ኮንድሩል የሚባሉት፣ ሰናፍጭ ወይም ጤፍ የሚያካክሉ ድቡልቡል ጠብታዎች፣ በግልጽ ይታያሉ፤ አምስተኛው ላይ ከዙሪያቸው ጋር መዋሐድ ጀምረዋል። እነዚያ ጠብታዎች ከ4.5 ቢሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠሩ፣ ፕላኔቶች ከመሠራታቸው በፊት ጠፈር ላይ ቀልጠው የቀዘቀዙ ናቸው። ጉርሱም በገበያ ዋጋ ከማርሱ ድንጋይ ጋር አይወዳደርም፤ ከሰሃራ የሚወጣ ተራ ኮንድራይት በግራም ጥቂት ዶላር ወይም ከዚያ ያነሰ ነው የሚያወጣው። በዕድሜ ከሆነ ግን የማርሱ ድንጋይ ለጉርሱም ልጁ ነው። ሸርጎታይቶች በአብዛኛው የመቶ ሚሊዮኖች ዓመት ዕድሜ ያላቸው ናቸው።

«ተወርዋሪ ኮከብ» የምንለው ኮከብ አለመሆኑን አንባቢ ያውቃል ብዬ አልፋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ከአሸዋ ቅንጣት እስከ ሽምብራ ፍሬ የሚያህል ነገር ነው፤ አየር ላይ ነድዶ ያልቃል። መሬት የሚደርሰው ተለቅ ያለው ነው። የደረሰውም ላዩ በሙቀት ቀልጦ ስስ ጥቁር ቅርፊት ያወጣል። የኒጀሩ ድንጋይ ይህን ቅርፊት በደንብ ይዞ ተገኝቷል፤ በአየርና በውኃ ብዙም ስላልተጎዳ፣ ከወደቀ ረጅም ዘመን አልሆነውም ተብሎ ይገመታል። በነገራችን ላይ በየጊዜው «የሰማይ ድንጋይ አገኘሁ» ብለው ፎቶ ከሚለጥፉ ሰዎች መካከል ብዙዎቹ የያዙት የብረት ማቅለጫ ዝቃጭ ነው። አረፋ የመሰለ ቀዳዳ ካለው መጠርጠር ነው። ከሰማይ የመጣ ድንጋይ በአብዛኛው ድፍን ነው፣ ለመጠኑ ይከብዳል፣ ኮንድራይት ከሆነ ደግሞ ማግኔት ይስበዋል።

እንግዲህ ሰማይ ለአገር አያዳላም። ድንጋይ ኒጀርም፣ ጎጃምም፣ ውቅያኖስም ላይ እኩል ይዘንባል። ከሰሃራ በሺዎች የሚቆጠር ሲለቀም ከኢትዮጵያ ደጋ ለምን በጣት የሚቆጠር ሆነ? ዋናው ምክንያት መሬቱ ነው። ሰሃራ ላይ ዝናብ የለም፣ ብረቱ ቶሎ አይዝግም፤ ደማቅ ሜዳ ላይ ጥቁር ድንጋይ ከሩቅ ይታያል። የእኛ ደጋ ራሱ ጥቁር ባዛልት ነው፣ በክረምት ዝናብ ይወርድበታል፣ ማረሻው ይገለብጠዋል። በዳሞት ወይም በሰላሌ የወደቀ ኮንድራይት ከአካባቢው ድንጋይ የሚለይበት ምልክት ገበሬው ዓይን ላይ የለም፤ በጥቂት ዘመን ውስጥ ዝጎ አፈር ይሆናል። ዕድል ካለን በምሥራቁ ቆላ፣ በኦጋዴን ደረቅና ገርጣ ባለ መሬት ነው። ጉርሱምም ቢሆን የታወቀው ሲወድቅ ስለታየ እንጂ ተፈልጎ አልነበረም።

አሁን ወደ አድራሻው ልመለስ። የድንጋይ ነጋዴዎች አንድ ጥሩ መከራከሪያ አላቸው፤ ማዳመጥ ይገባል። የሰማይ ድንጋይ እንደ አጽም አይደለም ይላሉ። ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው የምንለው አጥንቷን ለክተን አይደለም፤ ሐዳር ላይ በአፈሩ ንብርብር ውስጥ ያለውን የእሳተ ገሞራ አመድ ለክተን ነው። ያለ አፈሯ ዕድሜዋ አይታወቅም ነበር። የማርስ ድንጋይ ግን ዕድሜውም አገሩም በሆዱ ውስጥ ነው፤ አጋዴዝ የወደቀው በአጋጣሚ ነው፣ ከአጋዴዝ ጋር ምን ያገናኘዋል? ከፊሉ እውነት ነው። ማርስን ለማወቅ የአጋዴዝን አሸዋ መቆፈር አያስፈልግም።

ግን ሙሉ እውነት አይደለም። ማስረጃው ደግሞ ከእኛ ድንበር ማዶ ሱዳን ውስጥ አለ።

መስከረም 26 ቀን 2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 6 ቀን 2008) አሪዞና ውስጥ ካታሊና በሚባለው የሰማይ ቅኝት ፕሮግራም የሚሠራው ሪቻርድ ኮዋልስኪ አንዲት ትንሽ አስትሮይድ (ፀሐይን የምትዞር አለት) አየ። ስፋቷ 4 ሜትር ገደማ፣ ክብደቷ 80 ቶን ያህል ነበር። ሒሳቡ ሲሠራ ከ20 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ምድርን እንደምትመታ ታወቀ። ከመምታቷ በፊት ጠፈር ላይ የታየች የመጀመሪያዋ አስትሮይድ እሷ ናት። በማግስቱ ንጋት ላይ ከኑብያ በረሃ በላይ 37 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ፈነዳች። ብዙ ሰው ታሪኩ እዚያ አበቃ ብሎ ነበር፤ ከዚያ ከፍታ የፈነዳ ነገር መሬት የሚደርስ አይመስልም። የካርቱም ዩኒቨርሲቲው ሙአዊያ ሻዳድና ከአሜሪካ የመጣው ተመራማሪ ፒተር ጄኒስከንስ ግን ተማሪዎችን አሰልፈው በረሃ ወረዱ። ቦታው ከዋዲ ሐልፋ በሚመጣው የባቡር ሐዲድ ላይ ያለ ብቸኛ ጣቢያ ነው፤ «አልማሃታ ሲታ» ይሉታል፣ ጣቢያ ስድስት። ተማሪዎቹ ጎን ለጎን ሆነው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ በሰልፍ በረሃውን ጠረጉት። ለቀማው በየጊዜው ቀጥሎ ከ600 በላይ ቁራጭ ተገኘ፤ ሁሉም ተደምሮ ከ11 ኪሎ አይበልጥም። ከ80 ቶን 11 ኪሎ።

ቁም ነገሩ አለቃቀሙ ነው። ቁራጮቹ የተገኙበት ቦታ ተለክቶ ተመዝግቧል። ትላልቆቹ ወደ ፊት፣ ትናንሾቹ ወደ ኋላ ቀርተው፣ አስትሮይዷ በመጣችበት አቅጣጫ በረሃው ላይ ተነጥፈው ነበር። በኋላ ቁራጮቹ ሲመረመሩ ጉድ ተገኘ። አብዛኞቹ ዩሬላይት የሚባለው ብርቅ ዓይነት ናቸው፤ ኦሊቪንና ፓይሮክሲን ሆነው በመካከላቸው ካርቦን ያለባቸው፤ ካርቦኑ ከፊሉ ግራፋይት፣ ከፊሉ ደቃቅ አልማዝ ነው። ከእነዚህ ጋር ተቀላቅለው ግን የሌላ ዘር ድንጋዮችም ተገኙ፤ ልዩ ልዩ ኮንድራይቶች። አንድ አስትሮይድ ውስጥ የብዙ አካላት ስብርባሪ ታጭቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች ጥናት ደግሞ አልማዞቹ ውስጥ የታሠሩ ጥቃቅን ማዕድናትን አጥንቶ፣ እነዚያ አልማዞች ከ20 ጊጋፓስካል (ከምድር የአየር ግፊት 200,000 እጥፍ ገደማ) በላይ በሆነ ግፊት እንደ ተሠሩ ደመደመ። እንደ ጥናቱ፣ ያን ያህል ግፊት የሚኖረው በትንሽ አስትሮይድ ውስጥ አይደለም፤ መጠኑ በሜርኩሪና በማርስ መካከል በሆነ፣ ዛሬ በሌለ፣ ተጋጭቶ በተበተነ ፕላኔት ውስጥ እንጂ።

እስቲ ያንኑ ለቀማ ያለ መዝገብ እናስበው። እነዚያ 600 ቁራጮች በተለያየ ሰው ተለቅመው፣ በጆንያ ተቀላቅለው፣ ካልታወቀ ቦታ መጡ ተብለው ገበያ ላይ ቢቀርቡ ኖሮ፣ ዩሬላይቱ አንድ ቁጥር፣ ኮንድራይቱ ሌላ ቁጥር ይሰጠው ነበር። በተለያየ ዘመን የወደቁ የማይተዋወቁ ድንጋዮች ተብለው ይመዘገቡ ነበር። ከአንድ አካል መምጣታቸውን ያስረዳው ማዕድናቸው ብቻ አልነበረም፤ ካርታው አብሮት ነበር። ስለዚህ ከአጋዴዝ የመጣውን ድንጋይ ሳስብ የሚከነክነኝ ዋጋው አይደለም። ከወደቀበት ቦታ አጠገብ ከእሱ የተለየ ቁራጭ ነበር? ነበር ከተባለ በየትኛው አቅጣጫ? ይህን ሊመልስ የሚችለው አሸዋውን በሥርዓት የረገጠ ሰው ነበር።

የሕጉ ጉዳይ የተወሳሰበ ነው። ኒጀር እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣችው የቅርስ ሕግ ብርቅ የማዕድን ናሙናዎችን ይጠቅሳል። የዩኔስኮ እ.ኤ.አ. የ1970 ስምምነትም በአንቀጽ 1 ብርቅ የማዕድን ናሙናዎችን ከባህል ንብረት ይቆጥራል። በኒጀር በዳይኖሰር ቁፋሮ የሚታወቀው የቺካጎው ፓሊዮንቶሎጂስት ፖል ሴሬኖ ከእነዚህ ተነስቶ ድንጋዩ መመለስ አለበት ብሎ ተከራክሯል። ሶዝቢስ በበኩሉ ድንጋዩ ዓለም አቀፍ አሠራርን ተከትሎ፣ ተገቢው ሰነድ ተሟልቶለት እንደ ወጣ ነው የተናገረው። የኒጀር ባለሥልጣናትም የሰማይ ድንጋይን በስሙ የሚጠራ ሕግ እንደሌላቸው አምነዋል። ከጨረታው በኋላ ፕሬዚዳንቱ ጄኔራል አብዱራህማን ቲያኒ የከበሩ ድንጋዮችና የሰማይ ድንጋዮች ከአገር እንዳይወጡ አገዱ።

እገዳውን እረዳዋለሁ፣ ግን ብዙ አልጠብቅበትም። ሰሃራ ጠባቂ የሚቆምለት ግቢ አይደለም። ድንጋዩን የሚያገኘው ዘላን ነው፣ ወይም በሞተር ብስክሌት የሚዞር ፈላጊ። አግኝቶ ለመንግሥት ቢያሳይ የሚያተርፈው መወረስ ከሆነ አያሳይም፤ ይሸጠዋል፣ የተገኘበትንም ቦታ ይዋሻል። እገዳ ብቻውን የሚያመርተው አድራሻ የሌለው ድንጋይ ነው፣ ልክ የተፈራውን። ዴንማርክ ሌላ መንገድ ይዛለች። እዚያ በሕግ የሰማይ ድንጋይ የመንግሥት ነው፤ ያገኘው ሰው ግን ለሙዚየም ሲያስረክብ ይከፈለዋል። ሞሮኮ ደግሞ ንግዱን ከማጥፋት ይልቅ በፈቃድ ሥር ለማዋል ሞክራለች፤ በካዛብላንካ ሐሰን ሁለተኛ ዩኒቨርሲቲ ሐስና ሸናዊ የመሰሉ ተመራማሪዎች ዘላኖቹን አሠልጥነው፣ ቲሲንት ሲወድቅ ያዩትን ሰዎች አነጋግረው፣ ድንጋዩ የመንደሩን ስም ይዞ እንዲመዘገብ አድርገዋል። ቲሲንትም በብዙ አገር ገበያ ተሸጧል። ግን አድራሻ አለው።

ለእኛ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከሶማሊያ ሂራን ግዛት ኤል አሊ የወጣውን ባለ 15 ቶን ድንጋይ እናስታውስ። እሱ እንኳ በአብዛኛው ብረት ነው፣ ከድንጋያማዎቹ ወገን አይደለም። የአካባቢው ግመል ጠባቂዎች «ሺድ ቢሮድ»፣ የብረት ድንጋይ፣ እያሉ ለትውልዶች ያውቁታል፤ በግጥማቸውና በዘፈናቸው ውስጥ አለ። ካናዳ ውስጥ አልበርታ ዩኒቨርሲቲ 70 ግራም ብቻ የምትመዝን ቁራጭ ደርሳው፣ በተፈጥሮ ታይተው የማያውቁ ማዕድናት ተገኙባት፤ አንዱ ኤላሊያይት ተብሎ በቦታው ስም ተሰየመ። ዋናው ድንጋይ ገዢ ፍለጋ ቻይና መሻገሩን ዩኒቨርሲቲው ራሱ ተናግሯል።

እኛ ዘንድ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ሲተረጉም ስለ ተፈጥሮ ሂደት የሚመሰክሩ ነገሮችንም ያነሳል፤ የሰማይ ድንጋይ በዚህ ውስጥ ይገባል ብሎ መከራከር ይቻላል። ነገር ግን ኦጋዴን ውስጥ አንድ እረኛ ከበድ ያለ ጥቁር ድንጋይ ሲያነሳ ጠበቃ አጠገቡ አይኖርም። የት ይውሰደው? ማን ይከፍለዋል? የደላንታ ኦፓል ከወገል ጤና ገደል በጥሬው እየወጣ ጥርቡ ሌላ አገር ሲከብር ይህን ጥያቄ በሌላ መልኩ አይተነዋል። ኦፓል ላይ የጠፋብን ትርፉ ነው። የሰማይ ድንጋይ ላይ ከትርፉ ጋር ቦታው አብሮ ይጠፋል።

አንድ የሚያጽናና ደንብ አለ። የሰማይ ድንጋዮችን የሚመዘግበው ዓለም አቀፍ ማኅበር፣ ስም ከመስጠቱ በፊት ከእያንዳንዱ ድንጋይ 20 ግራም፣ ድንጋዩ ትንሽ ከሆነ ደግሞ ከክብደቱ 20 በመቶ፣ በታወቀ የምርምር ተቋም እንዲቀመጥ ያስገድዳል። ስለዚህ ዋናው የሀብታም ሳሎን ቢገባም ሳይንስ ባዶ እጁን አይቀርም። የኖርዝዌስት አፍሪካ 16788 ናሙናም በዚሁ ደንብ ተቀምጧል። ያለው ቻይና ውስጥ፣ ናንጂንግ በሚገኘው የፐርፕል ማውንቴን የሥነ ፈለክ ተቋም ነው። ከኒጀር ዋና ከተማ ከኒያሚ አንድ የጂኦሎጂ ተማሪ ከአገሯ በረሃ የተነሳውን የማርስ ድንጋይ በማይክሮስኮፕ ላይ ልየው ብትል፣ መጀመሪያ የምትጠይቀው የቻይና ቪዛ ነው።